ኡሙ አይመን (ረ.ዐ)፦ ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) ያሳደገች ሐበሻዊት እናት

ሐበሻና እስልምና አብረው ሲነሱ ቶሎ ወደ አእምሯችን የሚመጡ ሁለት ስሞች አሉ። አንዱ ስደተኞቹን ሰሓቦች ተቀብሎ ያስጠለለው ንጉሥ ነጃሺ ነው። ሌላው የመጀመሪያው ሙአዚን ቢላል (ረ.ዐ) ነው። ሦስተኛዋን ግን ብዙ ጊዜ እንዘነጋታለን። እርሷ ከሁለቱም ትቀድማለች። ወሕይ ከመውረዱ 40 ዓመት በፊት፣ በመካ ባሏ በሞተባት አንዲት ነፍሰ ጡር ቤት ውስጥ የነበረች ሐበሻዊት ናት። ስሟ በረካ ነው። ታሪክ የሚያውቃት ግን ኡሙ አይመን፣ የአይመን እናት በሚለው መጠሪያዋ ነው።

ዛሬ ሕይወቷን የምናነሳው ከአገራችን ወጣች ብለን ለመኩራራት ብቻ አይደለም። ነፍሰ ጡርን መደገፍ፣ አራስን መጠየቅ፣ ጨቅላ ሕፃንን መንከባከብ የማን ሥራ ነው? የባል ብቻ ነው? የእናቷ ነው? የሐኪም ነው? የኡሙ አይመን ሕይወት ለዚህ ጥያቄ መልስ አለው።

ባሏ የሞተባት ነፍሰ ጡር

ዐብደላህ ኢብን ዐብዱልሙጠሊብ ከአሚና ቢንት ወህብ ጋር በትዳር ብዙም አልቆየም። ለንግድ ወደ ሻም ሄዶ ሲመለስ የስሪብ ከተማ ላይ ታመመ፤ የስሪብ በኋላ መዲና የተባለችው ናት። በአባቱ በኩል ዘመዶቹ በሆኑት በበኑ ነጃር ዘንድ ሆኖ ጥቂት ጊዜ ካስታመሙት በኋላ እዚያው ሞተ፤ እዚያው ተቀበረ። ገና ወጣት ነበር። መካ ላይ የምትጠብቀው ሚስቱ ነፍሰ ጡር ነበረች።

የሲራ ጸሐፊዎች ዐብደላህ ትቶት ያለፈውን ንብረት ዘርዝረውልናል። አምስት ግመል፣ ጥቂት በግና በረካ የምትባል ሐበሻዊት አገልጋይ። ይህን ዝርዝር ስናነብ ቆም ማለት አለብን። በረካ የተቆጠረችው ከግመልና ከበግ ጋር ነው። የዚያ ዘመን ሕግ እንዲህ ነበር። አባትና እናቷ የት እንደቀሩ፣ ከየትኛው የሐበሻ መንደር እንደተወሰደች የሚጠይቅ ሰው አልነበረም።

ነገር ግን ሐዘን በገባበት ቤት ከነፍሰ ጡሯ አሚና ጎን የነበረችው ይህች እንደ ዕቃ የተቆጠረች ልጅ ናት። ባሏ በሩቅ አገር የሞተባትን፣ መቃብሩን እንኳ ያላየችን ሴት ማጽናናት ቀላል ሥራ አይደለም። ነፍሰ ጡር ሴት ስታዝን ምግብ ያስጠላታል፤ እንቅልፍ ይሸሻታል። ያን ጊዜ በአጠገቧ የምታድር፣ ውሃ የምታቀብል፣ ብዪ እንጂ ጠጪ እንጂ የምትል ሰው ታስፈልጋታለች። የሲራ ተራኪዎች በረካን በዚህ ቦታ ያስቀምጧታል።

ሕፃኑን የተቀባበሉ እጆች

በዝሆኑ ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ570 ወይም 571 አካባቢ፣ ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) ተወለዱ። አባት የሌላቸው፣ ብዙ ሀብት ያልተተወላቸው ሕፃን ነበሩ።

የእነዚያን የመጀመሪያ ዓመታት ታሪክ ስንመለከት ሕፃኑ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፉ እናያለን። እናታቸው አሚና አጠቧቸው። የአጎታቸው የአቡ ለሀብ አገልጋይ የነበረችው ሱወይባ ለጥቂት ቀናት አጠባቻቸው። ከዚያም በቁረይሾች ልማድ መሠረት ሕፃናት ንጹሕ አየር ባለበት ገጠር እንዲያድጉ ለሞግዚት ይሰጡ ስለነበር ከበኑ ሰዕድ ጎሳ የሆነችው ሐሊማ ወሰደቻቸው።

ሐሊማም ብትሆን መጀመሪያ ላይ አመንትታ ነበር። ከእርሷ ጋር ወደ መካ የመጡት አጥቢ ሴቶች የቲሙን ሕፃን ለመውሰድ አልፈለጉም። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ክፍያ የሚጠበቀው ከሕፃኑ አባት ነው፤ የቲም ደግሞ አባት የለውም። ሐሊማ ሌላ ሕፃን ስላላገኘች፣ ባዶ እጇን ከመመለስ ይሻላል ብላ ወሰደቻቸው። በኋላ ያየችውን በረካ በሕይወቷ ሙሉ ስትናገር ኖረች። ያለ አባት የተወለደ ሕፃን ገና ከእናቱ ጉያ ሳይወጣ ሰዎች ትርፍና ኪሳራውን ሲያሰሉበት ማየት ግን ያሳዝናል። ዛሬም ቢሆን ይህ ስሌት ከመካከላችን አልጠፋም።

ከሐሊማ ዘንድ ወደ እናታቸው የተመለሱት በአራትና በአምስት ዓመታቸው መካከል ነው። ቤት ውስጥ እናትና በረካ ይጠብቋቸው ነበር።

የአብዋእ መንገድ

ስድስት ዓመት ሲሆናቸው አሚና ልጇን ይዛ ወደ የስሪብ ተጓዘች። የአባታቸውን ዘመዶች እንዲያውቁ፣ አባታቸው ያረፈበትን አገር እንዲያዩ ነው። በረካም አብራ ሄደች። አንድ ወር ያህል ቆይተው ወደ መካ ሲመለሱ አሚና መንገድ ላይ ታመመች። በመካና በመዲና መካከል በምትገኘው አብዋእ በምትባል ቦታ ሞተች፤ እዚያው ተቀበረች።

እስቲ ያን ቦታ በዓይነ ኅሊናችን እንየው። በረሃ ነው። አንድ የስድስት ዓመት ልጅ አለ፤ አባቱን ሳያይ እናቱ ዓይኑ እያየ ተቀበረች። በአጠገቡ ያለችው አንዲት ሐበሻዊት አገልጋይ ናት። ያን ልጅ እጁን ይዛ፣ አባብላና አጉርሳ፣ ያን ሁሉ መንገድ ተጉዛ መካ ላይ ለአያቱ ለዐብዱልሙጠሊብ ያስረከበችው በረካ ናት። የዓለማት እዝነት ሆነው የተላኩት ነቢይ (ሰ.ዐ.ወ) እናታቸውን ባጡባት በዚያች ሰዓት የነበራቸው ሰው እርሷ ብቻ ነበረች።

አስረክባም አልሄደችም። በአያታቸው ቤት መንከባከቧን ቀጠለች። ዐብዱልሙጠሊብ ልጁን ለአፍታ እንኳ እንዳትዘነጋው አደራ ይላት እንደነበር ተዘግቧል። አያታቸውም ስምንት ዓመት ሲሞላቸው ሞቱ። አሳዳጊያቸው አጎታቸው አቡ ጧሊብ ሆነ። አባት፣ እናት፣ አያት ተራ በተራ ሄዱ። በረካ ግን አልተለየችም። እርሷ ራሷ በኋላ ስታስታውስ፣ በልጅነታቸው ራበኝ ወይም ጠማኝ ብለው ሲያማርሩ ሰምታ እንደማታውቅ፣ ጠዋት የዘምዘም ውሃ ጠጥተው ምግብ ሲቀርብላቸው ጠግቤያለሁ ይሉ እንደነበር መናገሯ ተላልፏል። እንዲህ ያለውን ነገር የሚያስተውለው በየማለዳው ምግብ የሚያቀርብ ሰው ነው።

ነፃነትና ትዳር

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በ25 ዓመታቸው ኸዲጃን (ረ.ዐ) ሲያገቡ በረካን ነፃ አወጧት። ከእርሷ የሚፈልጉት አገልግሎት ስላበቃ አልነበረም። እርሷም የራሷ ቤት፣ የራሷ ልጅ እንዲኖራት ነው። ከኸዝረጅ ጎሳ የሆነ ዑበይድ የሚባል ሰው አገባችና አይመን የሚባል ወንድ ልጅ ወለደች። ኡሙ አይመን የተባለችውም ከዚህ በኋላ ነው። ባሏ ሲሞት ተመልሳ መካ፣ እዚያው ባሳደገችው ልጅ ጥላ ሥር ሆነች።

ወሕይ ሲወርድ ከመጀመሪያዎቹ አማኞች አንዷ ነበረች። ከሕፃንነታቸው ጀምራ ታውቃቸው የለም! ውሸት ተናግረው እንደማያውቁ ለእርሷ ምስክር አያስፈልጋትም ነበር። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ከጀነት ሴቶች አንዷን ማግባት የሚሻ ኡሙ አይመንን ያግባ ማለታቸው ተዘግቧል። እጅግ የሚወዱት ዘይድ ኢብን ሓሪሳ (ረ.ዐ) አገባት። ከዚህ ትዳር ኡሳማ ተወለደ።

የኡሳማ መወለድና የሰው ምላስ

ኡሳማ ሲያድግ አንድ ወሬ ተነሳ። አባቱ ዘይድ ቀላ ያለ ነው። ኡሳማ ደግሞ እንደ እናቱ ጥቁር ነው። ሰዎች በዚህ ተነስተው ልጁ የዘይድ ስለመሆኑ ያንሾካሽኩ ጀመር። አንዲት እናት ከምትሰማቸው ቃላት ሁሉ የሚያቆስላት እንዲህ ያለው ነው። ዘጠኝ ወር ተሸክማ፣ አምጣ የወለደችውን ልጅ ቆዳውን አይተው ያሙባታል።

አንድ ቀን ሙጀዚዝ የሚባል፣ ከእግር አሻራና ከአካል ቅርጽ ዝምድናን በመለየት የታወቀ የበኑ ሙድሊጅ ሰው ዘይድና ኡሳማ ተከናንበው ተኝተው እግራቸው ብቻ ወጥቶ አየ። ማን መሆናቸውን ሳያውቅ እነዚህ እግሮች የአንድ ዘር መሆናቸውን ተናገረ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ይህን ሲሰሙ ፊታቸው በደስታ እያበራ ወደ ዓኢሻ (ረ.ዐ) ገብተው ነገሯት። ይህ በቡኻሪና በሙስሊም ተዘግቧል። የዚያ ሁሉ ደስታ ምክንያት ምን ነበር? የአንዲት እናት ክብርና የአንድ ልጅ ስም ከሐሜት መዳኑ ነው።

ለኡሳማም ራሳቸው አባት ሆኑለት። የልጅ ልጃቸውን ሐሰንን በአንዱ ጭናቸው፣ ኡሳማን በሌላኛው ያስቀምጡና ለሁለቱም በአንድነት ዱዓ ያደርጉላቸው ነበር። በልጅነቱ ወድቆ ፊቱ ሲደማ ደሙን የጠረጉለት እርሳቸው ናቸው። አሳዳጊው የነበረችውን ሴት ልጅ እንዲህ አድርጎ ማሳደግ ውለታን መመለስ ነው።

መዲና ላይ፦ እናት ሆና ኖረች

ኡሙ አይመን ወደ መዲና ተሰደደች። በመንገድ ላይ ጾመኛ ሆና ውሃ ጥም እጅግ ሲያስጨንቃት ከሰማይ የወረደላትን ውሃ መጠጣቷ፣ ከዚያም በኋላ በሙቀት ጊዜ ጾማ እንኳ ጥም የማይነካት መሆኗ በሲራ መጻሕፍት ይተረካል።

መዲና ላይ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) እየሄዱ ይጠይቋት ነበር። ከእናታቸው በኋላ እናታቸው መሆኗን ይናገሩ እንደነበር ተላልፏል። እርሷም እንደ እናት ነበር የምትሆንባቸው። አነስ (ረ.ዐ) ያየውን ነግሮናል። አንድ ቀን ሊጠይቋት ሄዱ፤ የሚጠጣ ነገር አቀረበችላቸው። ጾመው ይሁን አልፈልግ ብለው አልጠጡም። ኡሙ አይመን ጮክ ብላ ተቆጣቻቸው። የአላህ መልእክተኛ ናቸው፤ የመዲና መሪ ናቸው። ለእርሷ ግን ያኔ አብዋእ ላይ ያባበለችው ልጅ ናቸው። እርሳቸውም አልከፋቸውም። ማን እናት ልጇ ምግብ ሲመልስባት ዝም ትላለች?

ኑሮዋንም አልዘነጉም። የአነስ ቤተሰቦች ለነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) የሰጧቸውን የተምር ዛፎች ለኡሙ አይመን እንድትጠቀምባቸው ሰጥተዋት ነበር። በኋላ ሙሃጂሮች ሲደላደሉ ለአንሷሮች የሰጧቸውን መመለስ ጀመሩ። አነስ ዛፎቹን ሊጠይቅ ሲመጣ ኡሙ አይመን በአንገቱ ላይ ጨርቅ ጣል አድርጋ ይዛ፣ አልመልስም አለች። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በዚህ ፈንታ ይህን ያህል ልስጥሽ እያሉ፣ እርሷ እምቢ እያለች፣ የዛፎቹን አሥር እጥፍ ያህል እስኪሰጧት ድረስ አግባቧት። በኃይል አልወሰዱባትም፤ አላሳፈሯትም። ሰው ልጅ አሳድጎ በዕድሜው ማብቂያ እጁን ዘርግቶ እንዳይለምን፣ የሚበላበት ነገር ሊኖረው እንደሚገባ በተግባር አሳዩን።

ቀልድም ነበራቸው። ግመል እንዲሰጧት ስትጠይቃቸው የግመል ልጅ ላይ እንደሚያስቀምጧት ነገሯት። ግልገል መስሏት አይችለኝም ስትል፣ ግመል ሁሉ የግመል ልጅ መሆኑን አስታወሷት። የአንደበት ችግር ስለነበረባትም ሰላምታውን ስታቀርብ ቃሉ ይዛነፍባት ነበር። አላረሟትም፤ አሳጥራ ሰላም እንድትል ፈቀዱላት።

በ8 ዓመተ ሂጅራ

ኡሙ አይመን ቤት ውስጥ ብቻ አልተቀመጠችም። በኡሑድ ዘመቻ ለተዋጊዎች ውሃ ታጠጣ፣ ቁስለኞችን ታክም ነበር። በኸይበርም ተገኝታለች። ሌላውን መንከባከብ የዕድሜ ልክ ሥራዋ ነበር።

በ8ኛው ዓመተ ሂጅራ ግን ሁለት ከባድ ሐዘን ደረሰባት። በሙእታ ዘመቻ ባሏ ዘይድ ሸሂድ ሆነ። ከወራት በኋላ በሑነይን ዘመቻ የበኩር ልጇ አይመን፣ ብዙዎች ሲበተኑ ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ጋር ጸንቶ ቆሞ ሸሂድ ሆነ። ስሟን የሰጣት ልጅ ሄደ።

ሕፃን ሲሞት ዝም ብላ የምታልፍ ሴትም አልነበረችም። ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ቤተሰብ አንዲት ትንሽ ልጅ ስታጣጥር እርሳቸው አቅፈዋት ሞተች። ኡሙ አይመን አለቀሰች። ለምን ታለቅሻለሽ ሲሏት እርሳቸውም እያለቀሱ መሆኑን አስታወሰች። የእርሳቸው ዕንባ እዝነት መሆኑን ገለጹላት። ሕፃን የሞተባት እናት ዕንባ የኢማን ጉድለት አለመሆኑን ከዚህ እንረዳለን። ልጅ በማሕፀን ሳለ ወይም ከተወለደ በኋላ የሞተባትን እናት አታልቅሺ፣ ገና ልጅ ነሽ ትወልጃለሽ እያልን የምንገስጽ ሰዎች ይህን ማስታወስ አለብን።

የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ዕረፍትና የኡሙ አይመን ዕንባ

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በ11ኛው ዓመተ ሂጅራ ሲያርፉ ልጇ ኡሳማ የጦር አዛዥ ሆኖ ተሹሞ ነበር። ዕድሜው 20 ዓመት አካባቢ ሲሆን በሠራዊቱ ውስጥ ታላላቅ ሰሓቦች ነበሩ። ትናንት በቆዳው ቀለም የታማው ልጅ ነው።

ከዚያ በኋላ አቡበክርና ዑመር (ረ.ዐ) ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ያደርጉት እንደነበረው እንጠይቃት ብለው ወደ ኡሙ አይመን ሄዱ። ሲያዩአት አለቀሰች። አላህ ዘንድ ያለው ለመልእክተኛው የተሻለ መሆኑን በመንገር ሊያጽናኗት ሞከሩ። እርሷም ይህን እንደምታውቅ፣ የምታለቅሰው ከሰማይ የሚወርደው ወሕይ ስለተቋረጠ መሆኑን ነገረቻቸው። ሁለቱም አብረዋት አለቀሱ። ሙስሊም የዘገበው ይህ ታሪክ ሁለት ነገር ይነግረናል። የኡሙ አይመን ዕውቀት ምን ያህል ጥልቅ እንደነበር አንዱ ነው። ሌላው፣ አዲሱ ኸሊፋ ያ ሁሉ ሥራ ተደራርቦበት እያለ አንዲትን አሮጊት ሊጠይቅ ጊዜ ማግኘቱ ነው።

ያረፈችበትን ጊዜ በተመለከተ ሁለት ዘገባ አለ። አንዱ ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በኋላ አምስት ወር ገደማ ቆይታ ነው ይላል። ሌላው እስከ ዑስማን (ረ.ዐ) ኸሊፋነት መጀመሪያ አድርሷታል። አላህ ይዘንላት።

የእርሷን ሥራ ዛሬ ማን ይሥራ?

ወደ መጀመሪያው ጥያቄያችን እንመለስ። ነፍሰ ጡርንና ጨቅላ ሕፃንን መንከባከብ የማን ሥራ ነው? አሚና ባል አልነበራትም። የደረሰላት የደም ዘመድ ብቻም አልነበረም። በአካባቢዋ የነበረው ሰው ሁሉ በየተራው የድርሻውን አደረገ። አንዷ አጠባች፣ ሌላዋ ወስዳ አሳደገች፣ አያትና አጎት ጥላ ሆኑ። በረካ ደግሞ ምንም ዝምድና ሳይኖራት ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ቆመች።

ዛሬ በከተማም በገጠርም አሚናን የሚመስሉ እህቶች አሉን። ባላቸው የሞተባቸው፣ የተፈቱ፣ ባላቸው ለሥራ ሩቅ አገር የሄደባቸው፣ ከቀያቸው ተፈናቅለው በሰው ቤት የተጠለሉ ነፍሰ ጡሮች ናቸው። በረካን የሚመስሉም አሉን። በዓረብ አገራት በሰው ቤት የሰው ልጅ እያሳደጉ የራሳቸውን ልጅ ለአያት ትተው የሄዱ፣ እዚሁ በየቤታችን ተቀጥረው የሚያገለግሉ እህቶች። ቤታችን ያለችው ሠራተኛ ብታረግዝ ምን እናደርጋለን? በሩን እናሳያታለን ወይስ ወደ ጤና ጣቢያ እንወስዳታለን? የኡሙ አይመንን ታሪክ ወድደን ይህን ጥያቄ መዝለል አይቻልም።

የጤና ባለሙያዎች እናቶች በወሊድ ምክንያት የሚሞቱት ብዙውን ጊዜ በሦስት መዘግየቶች እንደሆነ ያስተምራሉ። አንደኛው ወደ ሕክምና ለመሄድ ለመወሰን መዘግየት ነው። ሁለተኛው ተነስቶ ለመድረስ መዘግየት ነው። ሦስተኛው ከደረሱ በኋላ ሕክምናውን ለማግኘት መዘግየት ነው። ሦስተኛው በአብዛኛው የጤና ተቋማት ኃላፊነት ነው። ሁለቱ ግን በእኛ በጎረቤት፣ በዕድርና በመስጂድ ጀመዓ እጅ ናቸው።

መወሰን ላይ ብዙ ማድረግ እንችላለን። ነፍሰ ጡር እህታችን እርግዝናዋን እንዳወቀች ክትትል እንድትጀምር እናበረታታት። የዓለም ጤና ድርጅት በእርግዝና ጊዜ ቢያንስ ስምንት ጊዜ ክትትል እንዲደረግ ይመክራል። በአገራችን በመንግሥት ጤና ጣቢያዎች የእርግዝና ክትትልና የወሊድ አገልግሎት በነፃ ይሰጣል። ደም መፍሰስ፣ ከባድ ራስ ምታትና የዓይን ብዥታ፣ የፊትና የእጅ ማበጥ፣ ማንቀጥቀጥ፣ ትኩሳት፣ የፅንሱ እንቅስቃሴ መቀነስ ወይም ምጥ ሳይመጣ የሽርት ውሃ መፍሰስ ከታየ ነገ አይባልም። ባል አልመጣም፣ አማት አልፈቀደችም ተብሎም አይጠበቅም። በዱዓና በሕክምና መካከል ጠብ የለም። ዱዓ እያደረጉ መኪና መጥራት ይቻላል።

በረመዷን ደግሞ ለራሷ ወይም ለልጇ የምትሰጋ ነፍሰ ጡርና አጥቢ እናት እንድታፈጥር ሸሪዓችን አግርቶላታል። ሰው ምን ይለኛል ብላ ራሷን የምትጎዳ እህት ካለች ኢማሞቻችን በግልጽ ሊያስተምሩ፣ እኛም በዓይናችን ልናሸማቅቃት አይገባም።

መድረስ ላይም እንዲሁ። ድሮ አባቶቻችን ምጥ የጠናባትን ሴት በቃሬዛ ተሸክመው ወንዝ ይሻገሩ ነበር። ዛሬ የቃሬዛው ቦታ የሚሞላ ነገር ከጀመዓው ይፈለጋል። በሰፈሩ መኪና ያለው ማን ነው? በሌሊት ስልክ የሚያነሳው ማን ነው? የአምቡላንሱን ቁጥር የያዘ ማን ነው? ነፍሰ ጡሯ ከሄደች የቀሩትን ልጆች የሚይዝ ማን ነው? ከወሊድ በኋላ የሚፈሰው ደም በዓለም ዙሪያ እናቶችን ከሚገድሉ ምክንያቶች ዋነኛው ነውና ደም ለመለገስ የተዘጋጁ ወጣቶች አሉ ወይ? ቤታቸው ከጤና ጣቢያ ለሚርቅ ደግሞ መውለጃቸው ሲቃረብ የሚቆዩበት የእናቶች ማቆያ በብዙ ጤና ጣቢያዎች አለ። እዚያ ለምትቆይ እህት ምግብ ማድረስ ትልቅ ሶደቃ ነው።

ከወለደች በኋላም ሥራው አያልቅም። ገንፎና አጥሚት ይዞ አራስ መጠየቅ ነባር ባህላችን ነው፤ እናጠንክረው። ሕፃኑ በተወለደ በመጀመሪያው ሰዓት ጡት እንዲይዝ፣ እስከ ስድስት ወር ያለ ውሃና ያለ ቅቤ በእናት ጡት ብቻ እንዲቆይ፣ እንዲሞቅ፣ እትብቱ ላይ ምንም እንዳይቀባ አራስ ጠያቂዎች ምክር እንስጥ። ጡት እምቢ ያለ፣ ትኩሳት ያለው ወይም የቀዘቀዘ፣ ትንፋሹ የፈጠነ፣ የሚንቀጠቀጥ ወይም ቆዳውና ዓይኑ ቢጫ የሆነ ጨቅላ ሳይውል ሳያድር ሐኪም ዘንድ ይሂድ። ዐቂቃ ስንደግስ ከጎረቤት ያለችውን፣ ደጋሽ የሌላትን አራስ እናስታውስ። ብዙ እንደምትቆዝም፣ እንደማትተኛ፣ ልጇን ማየት እንደማትሻ ካስተዋልን ደግሞ ዓመሏ ነው ብለን አንለፋት፤ ይህም ሕክምና ያለው ሕመም ሊሆን ይችላል።

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) በሰላት ላይ ሆነው የሕፃን ልቅሶ ሲሰሙ የእናቱን ጭንቀት አስበው ሰላቱን ያሳጥሩ ነበር። መስጂዳችን በኢማሟ በኩል ይህን ሱና ካወቀች፣ በጀመዓዋ በኩል ደግሞ የሰፈሯን ነፍሰ ጡሮች ብታውቅ ምን ይገዳታል? ከየሰፈሩ ሁለት ሦስት እናቶች ተመርጠው ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ጋር ቢሠሩ፣ ከሶደቃው ጥቂት ተለይቶ ለወሊድ ትራንስፖርት ቢቀመጥ ብዙ ነፍስ ይድናል።

በረካ ሀብት አልነበራትም። ዘመድ አልነበራትም። ነፃነት እንኳ አልነበራትም። የነበራት ጊዜዋና እጇ ነበር። ያንን አንዲት ነፍሰ ጡርና አንድ ሕፃን ላይ አዋለችው። ያ ሕፃን ማን እንደሚሆን ስታባብለው አታውቅም ነበር። እኛም ዛሬ በየሰፈራችን የሚወለደው ሕፃን ነገ ማን እንደሚሆን አናውቅም።

አላህ ነፍሰ ጡሮቻችንን በሰላም ያገላግልልን። አራሶቻችንን ያጽናልን። ልጆቻቸውን ለዲናቸውና ለአገራቸው የሚጠቅሙ ያድርግልን። ኡሙ አይመንን በጀነት ያየናት ሰዎች ያድርገን። አሚን።